ከተራ በዲትሮይት፦ ከኮማንደርስ ጋር የተጓዝንበት ጥር

ዓርብ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከሲልቨር ስፕሪንግ የወጣነው ሳይነጋ ነው። መኪናውን የሚነዳው የእህቴ ባል ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። ዲሲ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነድቷል፤ መንገድ አይሰለቸውም። ከኋላ ልጁ ተቀምጧል። እዚሁ የተወለደ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ቁጥር 5 ማሊያውን ከሹራቡ ላይ ደርቧል። ቁጥሩ የዋሽንግተኑ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን፣ የኮማንደርስ፣ ኳርተርባክ የጄይደን ዳንኤልስ ነው። ጉዟችን ወደ ዲትሮይት ነው፤ ከ500 ማይል በላይ። ነገ ማታ ኮማንደርስ ከዲትሮይት ላየንስ ጋር በጥሎ ማለፉ ይገናኛል። ያሸነፈው ከሱፐር ቦውል፣ ከሊጉ ፍጻሜ፣ በፊት ወዳለው የመጨረሻ ጨዋታ ያልፋል።

እህቴን ማሳመን ቀላል አልነበረም። ነገ ከተራ፣ ከነገ ወዲያ ጥምቀት ነው። «ታቦት በሚወጣበት ቀን ኳስ?» አለች። ልጁ ሲለማመጣት ግን አንጀቷ አልቻለም። ዛሬ ዓርብ፣ ነገ ጋድ፤ ሁለቱም ጾም ናቸው። ሽሮ ፍትፍት፣ ዳቦና ቆሎ ቋጥራ ሸኘችን።

በ270 አድርገን ፍሬድሪክን አለፍንና 70 ላይ ገባን። ጋሼ ይህን ጨዋታ የተማረው ታክሲው ውስጥ ነው። አሜሪካ የመጣው ቡድኑ ሦስተኛውንና የመጨረሻውን ሱፐር ቦውል እ.ኤ.አ. በጥር 1992 ካነሳ በኋላ ነው። ደስታው አመለጠው፤ የደረሰው ለምሬቱ ነው። ሰኞ ጠዋት የሚሳፈር ሁሉ የእሑዱን ሽንፈት ይተነትንለታል። ጠበቃውም፣ የጽዳት ሠራተኛውም፣ የኮንግረስ ጸሐፊውም አንድ ዓይነት እሮሮ ነበራቸው። «ስለዚህ ከተማ ሰው ብዙ የተማርኩት በቡድኑ ሽንፈት ነው» አለኝ ጋሼ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።

እሮሮው መነሻ ነበረው። እስካለፈው ሳምንት ድረስ ቡድኑ አንድም የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ካሸነፈ 19 ዓመት ሆኖት ነበር። በመካከሉ ስሙ ሁለት ጊዜ ተቀየረ። ነባሩን ስም እ.ኤ.አ. በ2020 ተወ፤ ለሁለት ዓመት «ዋሽንግተን ፉትቦል ቲም» ብቻ እየተባለ ተጫወተ፤ በ2022 ኮማንደርስ ተባለ። በ2023 በጆሽ ሃሪስ የሚመራ ቡድን በ6.05 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በዚያው ዓመት ከ17 ጨዋታ 4 ብቻ አሸነፈ። ከዚያ አዲስ ሥራ አስኪያጅ አዳም ፒተርስና አዲስ አሰልጣኝ ዳን ኩዊን መጡ። ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን ተራ በተራ በሚመርጡበት ምልመላ ደግሞ በሁለተኛው ተራ ዳንኤልስን ወሰዱ። በአንድ ዓመት ውስጥ 4 ድል 12 ሆነ።

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። አጥቂው ቡድን በ4 ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ ወደፊት መግፋት አለበት። ከገፋ ሌላ 4 ሙከራ ያገኛል፤ ካልገፋ ኳሱ የተጋጣሚ ነው። ኳሱን ይዞ የመጨረሻውን መስመር ካለፈ ታችዳውን ይባላል፤ 6 ነጥብ ነው። በእግር መትቶ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ካሳለፈ 3 ነጥብ። ሁሉንም የሚያቀነባብረው ኳርተርባኩ ነው። ኳሱን ይወረውራል፣ ያቀብላል ወይም ራሱ ይዞ ይሮጣል። ዳንኤልስ በመጀመሪያ ዓመቱ 891 ያርድ ሮጧል። ከጀማሪ ኳርተርባኮች ይህን ያህል የሮጠ የለም።

ብሪዝዉድ ላይ ቤንዚን ቀዳን፤ ቡናችንን ከፔርሙስ ጠጣን። ከዚያ የፔንሲልቫንያ ተርንፓይክ ተጀመረ። የአሌጌኒን ዋሻ ስናልፍ ሬዲዮው ተቆራረጠ። ሲመለስ ዜናው ስለ ሰኞው የፕሬዚዳንቱ ቃለ መሐላ ነበር፤ በብርዱ ምክንያት ሥነ ሥርዓቱ ወደ ካፒቶል ውስጥ ተዛውሯል። ልጁ ዜናውን አልሰማም። ስልኩ ላይ የጥቅምቱን ጨዋታ እንደገና ያያል።

ያ ጨዋታ ለብቻው መነገር አለበት። ጥቅምት 17 ቀን ቺካጎ ቤርስ ወደ ኮማንደርስ ሜዳ፣ ላንዶቨር፣ መጡ። የቤርሱ ኳርተርባክ ኬለብ ዊልያምስ በምልመላው አንደኛ የወጣ፣ የዲሲ ልጅ ነው። ቺካጎ በመጨረሻው ደቂቃ 15 ለ 12 መራ። ለዋሽንግተን የቀረችው አንዲት ሙከራ ናት። ዳንኤልስ ወዲያ ወዲህ እየሮጠ ጊዜ ገዛና ኳሱን ከ50 ያርድ በላይ አሻግሮ ወረወረው። ግርግሩ ውስጥ አንድ የቤርስ ተከላካይ ነካው፤ ኳሱ ነጥሮ ከኋላ ብቻውን የቆመው ኖዋ ብራውን እጅ ገባ። 18 ለ 15። ቤት ሆነን ነበር የምናየው። ጋሼ ተነስቶ እልል አለ፤ ጎረቤት ሰርግ መሰለው።

እኔ ግን ከዚያ ኳስ በላይ የምወደው የዓመቱን መጨረሻ ነው። ኒው ኦርሊንስን 20 ለ 19፣ ፊላደልፊያን 36 ለ 33፣ አትላንታን በተጨማሪ ሰዓት 30 ለ 24፣ ዳላስን 23 ለ 19። ያለፈው እሑድ ደግሞ ታምፓ ላይ 23 ለ 20። ሁሉም የተወሰኑት በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ወይም በተጨማሪ ሰዓት ነው። የታምፓዋን የዜን ጎንዛሌዝን ምት መቼም አልረሳትም። ከ37 ያርድ መታ፤ ኳሱ የቀኙን ቋሚ መታና ወደ ውስጥ ገባ። ዕድል ነው ያለ ብዙ ነው። አንድ ጊዜ ቢሆን እስማማለሁ። በተከታታይ ሲሆን ግን የመረጋጋት ነገር ነው። ሰዓት ሲያልቅበት ዳንኤልስ አይጣደፍም፤ ጓደኞቹም እሱን አይተው አይጣደፉም።

ኦሃዮ ሜዳ ነው፤ ስለሱ የምጽፈው የለኝም። ቶሌዶ ላይ 75ን ይዘን ወደ ሰሜን ታጠፍን። ራት ዲርቦርን በላን፤ የዓረብ አገር ሰው በብዛት የሚኖርባት ከተማ ናት። ፉል፣ ፈላፍልና ትኩስ ዳቦ። ለጾመኛ ከዚህ የተሻለ ማረፊያ አይገኝም።

ቅዳሜ፣ ጥር 10፣ ከተራ

ጠዋት ወደ መሀል ከተማ ሄድን። ልጁ በመጀመሪያ ማየት የፈለገው ካምፐስ ማርሺየስ አደባባይን ነው። ያለፈው ሚያዝያ የተጫዋቾች ምልመላ የተካሄደው እዚህና ወንዙ ዳር ባለው ሃርት ፕላዛ ነበር። በሦስቱ ቀናት ከ775,000 ሰው በላይ ወጥቶ ተመልክቷል። የዳንኤልስ ስም የተጠራውም እዚህ ነው። ዛሬ ማታ ተመልሶ የሚመጣው አስተናጋጁን ከተማ ከውድድር ሊያስወጣ ነው። ልጁ ይህን እያሰበ አደባባዩን ዞረ።

ወንዙ ዳር ብርዱ አያስቆምም። ማዶ የሚታየው ካናዳ ነው፤ የዊንዘር ከተማ። ካናዳን ወደ ደቡብ እያየህ የምታገኝበት ቦታ ብዙ የለም። ጋሼ ግን ዓይኑ ያረፈው ከተማው ላይ ነው። ድሮ ስለ ዲትሮይት ሲወራ ባዶ ቤትና የተዘጋ ፋብሪካ ብቻ ነበር የሚሰማው። ዛሬ መንገዱ በሰማያዊ ማሊያ ተጥለቅልቋል። ሕፃን ያዘለ፣ ሽማግሌ የደገፈ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል።

የላየንስን ደጋፊ መጥላት አልቻልኩም። እንደ እኛው የተራበ ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። ቡድናቸው ለመጨረሻ ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ሱፐር ቦውል የሚባለውን አንድም ቀን አልደረሱበትም። ዘንድሮ ከ17 ጨዋታ 15 አሸንፈው በኮንፈረንሳቸው፣ ማለትም ሊጉ ከሚከፈልባቸው ሁለት ምድቦች በአንዱ፣ አንደኛ ሆነዋል። ከተማው ሁሉ ዘንድሮ የኛ ነው ብሎ አምኗል። ፓርኪንግ ውስጥ ጎናችን ያቆሙ አንዲት ሴትዮ የልጁን ማሊያ አይተው፣ ከኒው ኦርሊንስ መልስ እንገናኝ አሉት። ሱፐር ቦውሉ የሚካሄደው እዚያ ነው።

ፎርድ ፊልድ ጣሪያ ያለው ስታዲየም ነው። በአንድ በኩል የድሮ የሃድሰን መጋዘን ግድግዳ የሕንፃው አካል ሆኖ ቀርቷል። እኛ የያዝነው ከላይ፣ ከጣሪያው ሥር ያለውን ነው፤ ርካሹም እሱ ነው፤ ርካሽ ከተባለ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲጀመር ድምፁ ደረቴ ውስጥ ገባ። ጋሼ ሽሮ ፍትፍቱን መኪና ውስጥ ጨርሶ ስለመጣ ጉልበት አለው።

መጀመሪያ ዲትሮይት 7 ለ 3 መራ። ሁለተኛው ሩብ ሲጀመር ግን ጨዋታው ልጓሙን በጠሰ። በዚያ ሩብ ብቻ ሁለቱ ቡድኖች 42 ነጥብ አስቆጠሩ። የኛው ቴሪ ማክሎሪን አጭር ኳስ ተቀብሎ 58 ያርድ ሮጠ። ወዲያው ኳን ማርቲን የላየንሱን ኳርተርባክ የጃሬድ ጎፍን ኳስ ጠልፎ 40 ያርድ ይዞ ገባ። እረፍት ላይ 31 ለ 21 ነበር፤ ለኛ። ጋሼ ስኮርቦርዱን ደጋግሞ ያያል።

የምሽቱ ሰው ለኔ ማይክ ሴንሪስቲል ነው። ሄይቲ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የመጣ ተከላካይ ነው። ያጠናውና የተጫወተው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ አምበል ሆኖ የአገር ሻምፒዮን አድርጓቸዋል። ስለዚህ በዙሪያችን ካሉት ግማሾቹ ስሙን ጠርተው የጨፈሩለት ልጅ ነው። ዛሬ ሁለት ኳስ ጠለፈባቸው። ሁለተኛው ላየንስ ለማታለል ብለው አንድ ኳስ ተቀባይ እንዲወረውር ያደረጉበት ነው። ሴንሪስቲል አልተታለለም። ከሌላ አገር የመጣ ቤተሰብ ልጅ በዚህ መድረክ ሲያበራ ጋሼ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። የልጁን ትከሻ አቅፎ ነበር የሚያየው።

ላየንስ አምስት ጊዜ ኳስ አስረከበ። ዋሽንግተን አንድም ጊዜ። ውጤቱ 45 ለ 31። በርግጥ የዲትሮይት መከላከያ በጉዳት ሳስቷል፤ ኤይደን ሃቺንሰን የሚያህል ሰው ጥቅምት ላይ እግሩ ተሰብሮ ቀርቷል። ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ኳስ ጠብቆ መያዝ የጤነኛም የተጎዳም ቡድን ሥራ ነው፤ የዋሽንግተን ልጆች ሥራቸውን ሠርተዋል።

ስታዲየሙ ጸጥ ብሎ ወጣ። እኛም ጮክ ብለን አልጨፈርንም፤ ሰው ሲያዝን ፊቱ ላይ አይጨፈርም። መኪና ውስጥ ስንገባ ግን ልጁ ጉሮሮው እስኪዘጋ ጮኸ።

ሆቴል ስንደርስ አዲስ አበባ ነግቷል። ጋሼ ስልኩን ከፍቶ ጃንሜዳን አገኘ። ካህናቱ በጥምቀተ ባሕሩ ዙሪያ ቆመዋል፤ ሕዝቡ ነጭ በነጭ ነው። ልጁ ማሊያውን ሳያወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ከአባቱ ጋር አየ። «አባዬ፣ እዚያ ነበርክ በልጅነትህ?» አለው። ጋሼ በየዓመቱ ይሄድ እንደነበር፣ ውሃው ሲረጭ ወደ ፊት ለመድረስ ይጋፋ እንደነበር ነገረው። ከዚያ እህቴ ደወለች። «አሸነፋችሁ አይደል?» አለች። ጨዋታውን ቤት ሆና እስከ መጨረሻው አይታዋለች።

እሑድ፣ ጥር 11፣ ጥምቀት

መመለሻው ከባድ ነበር። ፔንሲልቫንያ ስንደርስ በረዶው ወረደ። ተርንፓይኩ ላይ መኪናው ሁሉ መብራቱን እያበራ በዝግታ ይሄዳል። በሬዲዮ የሌላኛውን ጨዋታ ተከታተልን፤ ፊላደልፊያ ኢግልስ ከሎስ አንጀለስ ራምስ፣ እነሱም በረዶ ላይ። ከሁለቱ ያሸነፈው የኛ ተጋጣሚ ነው።

ሴኳን ባርክሊ የሚሉት ሰው በዚያ በረዶ ላይ 205 ያርድ ሮጠ። አንዱ ታችዳውን 62፣ አንዱ 78 ያርድ ነው። ኢግልስ 28 ለ 22 አሸነፉ። ጋሼ ሬዲዮውን ቀነሰና «ይኸ ሰውዬ አያስተኛንም» አለ። ልክ ነበር።

ቤት ስንገባ መሽቷል። ቤቱ ዶሮ ዶሮ ይላል። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፤ ድፎው አልተቆረሰም፤ እኛን ጠብቀው ነው።

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ

ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረም። ሰፈራችን ያለው ቡና ቤት ሁልጊዜ አርሰናልና ማንቸስተር የሚካረርበት ነው። ሰሞኑን ግን ዳንኤልስ ነበር ርዕሱ። ጨዋታው የማይገባቸው ሰዎች ሲጠይቁ፣ የሚያስረዷቸው እዚህ የተወለዱት ልጆች ናቸው። ይህን በማየቴ ደስ ብሎኛል። አብዛኛውን ጊዜ ልጆቻችንን የምናስተምረው እኛ ነን፤ ስለ አገር ቤት፣ ስለ ቋንቋ፣ ስለ ሃይማኖት። በዚህ ሳምንት እነሱ አስተማሩን። አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ለአያቷ አራቱን ሙከራ በስኳር ከረጢቶች ስታስረዳቸው አየሁ። አያትየው እየደጋገሙ ይጠይቃሉ፤ እሷም አልሰለቻትም።

እሑድ፣ ጥር 18

ፊላደልፊያ ቅርብ ናት፤ በ95 ከሦስት ሰዓት ያነሰ ነው። ቲኬቱ ግን ከዲትሮይቱ ብሶ ተገኘ። ጋሼ ዛሬ ሥራ ስላለው እኔና ልጁ ብቻ ሄድን።

ሊንከን ፋይናንሻል ፊልድ ጣሪያ የለውም። ሕዝቡ አረንጓዴ ለብሶ የቡድኑን ስም ፊደል በፊደል እየጠራ ይጮኻል።  ወንበራችን መካከላቸው ነው። ልጁ ማሊያውን በጃኬቱ ሊሸፍን ፈለገ፤ እንዳትሸፍነው አልኩት። ጎኑ የተቀመጡት አዛውንት ትንሽ ቀለዱበት፤ ቆየት ብለው ደግሞ የእጅ ማሞቂያ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡት።

ይህ የሱፐር ቦውል በር ነው። ዋሽንግተን እዚህ ሲደርስ ከ33 ዓመት በኋላ ነው። ጀማሪ ኳርተርባክ ደግሞ እስከ ዛሬ ቡድኑን ሱፐር ቦውል አድርሶ አያውቅም።

ከቀኑ 9 ሰዓት ተጀመረ። የኛ ልጆች ኳሱን ይዘው ቀስ ብለው 18 ሙከራ ሄዱ። ውጤቱ 3 ነጥብ። መጥፎ አልነበረም። ከዚያ ኢግልስ ኳሱን ያዙ። የመጀመሪያ ሙከራቸው ላይ ባርክሊ 60 ያርድ ሮጦ ገባ። እኛ በ18 ሙከራ ያላገኘነውን እሱ በአንድ አገኘው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳስበው ዲትሮይትን ነው የማየው፤ ቦታ ተቀያይረን። ዳያሚ ብራውን ኳስ ጣለ። ጄረሚ ማክኒኮልስ ጣለ። ኦስቲን ኤክለር ጣለ። ዳንኤልስም አንድ ተጠለፈበት። አራት ጊዜ አስረከብን። ዓመቱን ሙሉ ያቆየን ኳስ መጠበቁ ነበር፤ በዚህ ቀን ጠፋ። እንዲያም ሆኖ በሦስተኛው ሩብ ዳንኤልስ ራሱ ሮጦ አስቆጥሮ 34 ለ 23 አደረሰው። ልጁ ቆሞ እጄን ጨመቀ። በመጨረሻ ሰከንድ ማሸነፍ የለመደ ቡድን ነውና ያኔ እኔም አመንኩ።

ኢግልስ አንድ ያርድ ሲቀራቸው ኳርተርባኩን ጄለን ኸርትስን ከኋላ እየገፉ የማስገባት ስልት አላቸው። የኛው ፍራንኪ ሉቩ ይህን ለማቆም ኳሱ ሳይነሳ በሰዎቹ አናት ላይ ዘሎ ገባ። ተቀጣ። እንደገና ዘለለ። ዳኛው በመጨረሻ ይህ ከቀጠለ ታችዳውኑን በፍርድ እሰጣቸዋለሁ ብሎ በማይክሮፎን ተናገረ። ስታዲየሙ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሉቩን አከበርኩት፤ ያ ሰው ተስፋ አልቆረጠም ነበር። ኸርትስ ግን ገባ።

55 ለ 23። በኮንፈረንስ ፍጻሜ ይህን ያህል ነጥብ ያስቆጠረ ቡድን የለም። ልጁ ወጥተን እንሂድ ቢለኝ እሄድ ነበር፤ አላለም። የኛ ተጫዋቾች ሜዳውን ለቀው እስኪወጡ ድረስ ቆሞ አጨበጨበ። አዛውንቱ እጃቸውን ዘርግተው ጨበጡት፤ ስለ ዳንኤልስም፣ ገና ብዙ ዓመት ያስቸግረናል አሉት።

ሰኞ፣ ጥር 19

ልጁ ማሊያውን ለብሶ ትምህርት ቤት ሄደ። ጋሼ ጠዋት ያሳፈራቸው ሰዎች ስለ ጨዋታው እንዳወሩ ነገረኝ። እሮሮ አልነበረም አለኝ። ዓመቱን አመሰገኑ፤ ስለ መጪው ዓመት ጠየቁ። በቀድሞው አርኤፍኬ ስታዲየም ቦታ ጉዳይም ብዙ ወሬ አለ። ፕሬዚዳንት ባይደን በገና ዋዜማ የፈረሙት ሕግ ቦታውን በዲሲ አስተዳደር እጅ አድርጎታል፤ ቡድኑ ከሜሪላንድ ወደ ከተማው የሚመለስበት መንገድ ተከፍቷል። ጋሼ እዚያ ተሳፋሪ ሲያደርስ የነበረበትን ዘመን ያስታውሳል፤ መመለሱን አጥብቆ ይፈልጋል።

እሑድ፣ የካቲት 2

ሱፐር ቦውሉን እህቴ ቤት ተሰብስበን አየን። ኢግልስ ካንሳስ ሲቲን 40 ለ 22 አሸነፉ፤ ያውም ውጤቱ ጨዋታውን አያሳይም፣ ከዚያ በላይ ነበር። የተሸነፍነው በሻምፒዮኑ ነው ብሎ መጽናናት ይቻላል። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው ያየሁት። የፊላደልፊያ የፊት መስመር ሰዎች የካንሳስ ሲቲውን ኳርተርባክ ፓትሪክ ማሆምስን ለአፍታ እንኳ ቆሞ እንዲያስብ አልፈቀዱለትም። ዋሽንግተን የጎደለው ይኸ ነው። ሩጫ ማቆም አልቻልንም፤ ባርክሊ በራችንን እንደፈለገ ነው የገባበት። ዳንኤልስን ከጎን የሚመጡበትን የሚያግድለት ጠንካራ ሰውም ያስፈልጋል፤ ዳንኤልስ በራሱ እግር ብዙ ጊዜ አምልጧል፣ ሁልጊዜ ግን አያመልጥም። ሥራ አስኪያጁ ፒተርስ ለማውጣት በቂ ገንዘብ አለው። መጋቢት ላይ የተጫዋቾች ገበያ ሲከፈት መጀመሪያ የማየው የሁለቱን የፊት መስመሮች፣ የመከላከያውንና የማጥቃቱን፣ ግዢ ነው።